በግ ማሞከት፦ ከግዢ እስከ በዓል ገበያ በ90 ቀን

በግ ማሞከት ሲያዩት ቀላል ነው፤ ገዝቶ፣ አብልቶ፣ በበዓል ዋዜማ መሸጥ። ብዙ ሰው የሚከስረው ግን መኖ አንሶት አይደለም። ወይ የማይፋፋ በግ ገዝቷል፣ ወይ ጤነኛውን በግ በመጀመሪያው ሳምንት በፉርሽካና በእህል አጣድፎ ሆዱን አበላሽቶታል። ስለዚህ እዚህ ግዢውና ጅማሬው ላይ ረዘም ብለን እንቆያለን። ከ15ኛው ቀን በኋላ ያለው ሥራ በአብዛኛው አንድን ነገር ሳያዛንፉ መድገም ነው።

ለምን በግ?

ውርጭ ገብሱን በሚመታበት ደጋ፣ እንደ መንዝ ባለው አገር፣ ቤት የሚያቆመው በግ ነው። በሰኔ ለማዳበሪያ፣ በመስከረም ለልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ገንዘብ ሲያስፈልግ በሬ አይሸጥም፤ አንድ በግ ገበያ ይወርዳል። እናት በግ 150 ቀን ገደማ አርግዛ ትወልዳለች፤ በደንብ ከተያዘች በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ መውለድ ትችላለች። ለሚያሞክት ሰው ደግሞ ገንዘቡ በሦስት ወር ይመለሳል፤ አንዱ ቢሞት ሁሉም አይጠፋም።

ላቱም ያለ ነገር አልተሰጠውም። በግ በክረምትና በጥቢ ሣር ሲጠግብ ትርፉን በላቱ ያስቀምጣል፤ በበጋ ሣር ሲጠፋ ከዚያ እያወጣ ይኖራል። የአፋር በግ ሰፊ ላት፣ የሆሮ በግ ረጅም ላት፣ የጥቁር ራስ ሶማሌ በግ ዳሌው ላይ የተከመረ ስብ፣ ሁሉም የአንድ ችግር የተለያዩ መልሶች ናቸው። ቀጭን ላት ያለው የጉምዝ በግ ደግሞ ለቆላው ሙቀት የተመቸ ነው።

የትኛውን ዝርያ ልያዝ ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው፤ አካባቢው የለመደውን። የመንዝ በግ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ብርዱን ይችላል፣ ገለባም አይንቅም። ከጎጃም የሚመጣው ዋሸራ፣ ከወለጋ የሚመጣው ሆሮና ከካፋ የሚመጣው ቦንጋ ቁመታቸው ዘለግ ያለ ነው፤ መኖ ካገኙም በፍጥነት ይጨምራሉ። ይሁንና ከወይናደጋ አምጥተው ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር ውርጭ ቢያሳድሯቸው የመጀመሪያው ወር በሳል ያልፋል።

ቀኑን ከበዓሉ ወደኋላ ይቁጠሩ

የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 90 ቀን ማለት ከሦስት ወር በፊት ያው ቀን ነው። ለገና፣ ለታኅሣሥ 29፣ በጉ መስከረም 29 ግድም ቤት መግባት አለበት። ለእንቁጣጣሽ ጳጉሜን ጨምሮ ከሰኔ መጀመሪያ ይነሣሉ። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ስለሚውል መነሻው ከታኅሣሥ 26 እስከ ጥር 30 ባለው ይሆናል። አረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ በየዓመቱ አዲስ ሒሳብ ይፈልጋል።

ለፋሲካ ሌላም መንገድ አለ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ጾሙ እንደገባ በመጀመሪያው ሳምንት የበግ ገበያ ቀዝቀዝ ይላል፤ ያኔ 25 ኪሎ የደረሰ፣ አጥንቱ የሞላ በግ ገዝቶ 50 ቀን ብቻ መያዝ ይቻላል። መኖ ያንሳል፣ ትርፉም ያንሳል፤ ግን ድርቆሽ ለሌለው የከተማ ሰው ከ90 ቀኑ ይሻላል።

ለአረፋ የሚያሞክቱ ሰዎች አንድ ነገር አይርሱ። ለኡድሂያ (ለአረፋ መሥዋዕት) የሚታረድ በግ ዓመት የሞላው፣ ወይም ስድስት ወር አልፎት ዓመት የሞላው የሚመስል መሆን አለበት። አንድ ዓይኑ የጠፋ፣ በግልጽ የሚያነክስ፣ የታመመ ወይም እጅግ የከሳ አይሆንም። ስለዚህ የሚያነክስ በግ በርካሽ ተገኘ ብለው ለአረፋ አይግዙ።

ገበያ ላይ በግ መምረጥ

መጀመሪያ አፉን ይክፈቱ። በግ ላይኛው መንጋጋው ፊት ለፊት ጥርስ የለውም፤ እዚያ ያለው ጠንካራ ድድ ነው። እድሜው የሚነበበው ከታች ካሉት ስምንት ጥርሶች ነው። ሁሉም ትንንሽ የወተት ጥርሶች ከሆኑ ዓመት ያልሞላው ወይም ዓመት አካባቢ ነው። መካከለኞቹ ሁለቱ ወድቀው በትላልቅ ቋሚ ጥርስ ሲተኩ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል፣ አራት ሲሆኑ ሁለት ዓመት ግድም፣ ስድስት ሲሆኑ ሦስት ዓመት፣ ስምንቱም ሲተኩ አራት ዓመት ገደማ ነው። ለማሞከት የሚሻለው የወተት ጥርስ ያለው ትልቅ ጠቦት ወይም ሁለት ጥርስ የጣለ ነው፤ ገና ሥጋ እየገነባ ስለሆነ የበላው ወደ ኪሎ ይቀየራል። ጥርሱ የተሰበረ ወይም የረገፈ አሮጌ በግ ድርቆሹን በደንብ ስለማያደቅ ብዙ በልቶ ጥቂት ይጨምራል።

ቀጥሎ ወገቡ። ሆዱን አይመልከቱ፤ ጨው አልሶ ውሃ ያጠጡት በግ ሆዱ ተነፍቶ ይቆማል፣ ማታ ቤት ሲደርስ ግን ሌላ በግ ነው። ከመጨረሻው ጎድን አጥንት በስተኋላ፣ ከዳሌው በፊት፣ አውራ ጣትዎን በአንድ ወገን ሌሎቹን ጣቶች በሌላው ወገን አድርገው ወገቡን ይጨብጡ። የጀርባ አጥንቱ ጫፍ እንደ መጋዝ ጥርስ አንድ በአንድ የሚቆጠር ከሆነ፣ ከጎን የሚወጡት አጥንቶችም ሥር ጣት ያለችግር የሚገባ ከሆነ ከስቷል። ጫፎቹ ለስለስ ብለው ነገር ግን ተጭነው ሲዳስሱ የሚለዩ ከሆነ መካከለኛ ነው። ምንም አጥንት የማይገኝ ከሆነ ሌላ ሰው አሞክቶታል፤ እርስዎ የሚጨምሩበት ብዙ የለም። የሚፈለገው የመጀመሪያው ወይም በእሱና በመካከለኛው መካከል ያለው ነው፤ ረጅም ቁመና፣ ሰፊ ደረት፣ ወፍራም ቅልጥም፣ ላዩ ላይ ግን ሥጋ የጎደለው።

ክሳቱ ከረሃብ መሆኑን፣ ከበሽታ አለመሆኑን ማረጋገጥ የቀረው ሥራ ነው። የዓይኑን ቆብ ገልበጥ አድርገው ይዩ፤ ቀይ ወይም ደማቅ ሮዝ መሆን አለበት፤ ነጣ ካለ ደሙን ትል እየመጠጠው ነው። አገጩ ሥር ያበጠ በግ የጨጓራ ትል ወይም የጉበት ትል ክፉኛ ይዞታል፤ በርካሽም ቢሆን ይለፉት። ላቱ ሥር በተቅማጥ የተጨማለቀ፣ አፍንጫው ወፍራም ንፍጥ የሚያወጣ፣ ሃያ እርምጃ ሲያስሮጡት የሚያስል፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ የሚዞር አይገዛም። ሁለቱንም ቆለጥ ይዳስሱ፤ እብጠት ወይም እባጭ ካለ ይተዉት።

ስለ ቀለም አንድ ነገር። በበዓል ገበያ ቀይና ነጭ በግ ቶሎ ይሸጣል፤ ጥቁሩ ይገፋል። ሥጋው ግን ያው ነው። ለገበያ የሚያሞክት ጥቁር አይግዛ፤ ለራሱ ቤት የሚያርድ ሰው ደግሞ ጥቁሩን ቢፈልግ ገንዘብ ያተርፋል። በመንዝ በኩል ቀንዳም በግ ደህና ዋጋ ስለሚያወጣ ቀንዱ የተሰበረውን ለትርፍ አያስቡት።

ሚዛን ከሌለ ሜትር ይበቃል

የልብስ ሰፊ ሜትር ይያዙ። ከፊት እግሮቹ ወዲያው ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ይለኩ፤ ከዚያ ከትከሻው ፊት ለፊት ካለው አጥንት እስከ መቀመጫው ጫፍ ርዝመቱን ይለኩ። ሁለቱም በሴንቲ ሜትር ይሁኑ። ዙሪያውን በራሱ አባዝተው፣ በርዝመቱ አባዝተው፣ ለ10,800 ሲያካፍሉት ግምታዊ ኪሎው ይወጣል። ዙሪያው 65 ርዝመቱ 55 የሆነ በግ 65 × 65 × 55 ÷ 10,800፣ ማለት 21.5 ኪሎ ግድም ነው። ከሦስት ወር በኋላ ዙሪያው 74 ርዝመቱ 57 ከሆነ 29 ኪሎ ደርሷል። ጠዋት ሳይበላ፣ እግሩ አራቱም ቀጥ ብሎ ቆሞ ይለካ፤ ጸጉሩ የበዛ በግ ላይ ሜትሩን ጠበቅ ያድርጉት። ሁለት ሴንቲ ሜትር መሳሳት ከአንድ ኪሎ በላይ ያዛባል።

ይህ ቁጥር ለመድኃኒት መጠንም፣ ለመኖም፣ ለሽያጭም ያገለግላል፤ በደብተር ይጻፍ።

ማደሪያ

ለአንድ በግ አንድ ካሬ ሜትር ይበቃል። ጣሪያው ዝናብ አያስገባ፣ ወለሉ ሽንት አያቁር፣ ግድግዳው ከታች ነፋስ የሚከለክል ከላይ አየር የሚያስወጣ ይሁን። ደጋ ላይ ለብርድ ተብሎ ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ ቤት ከብርዱ የባሰ ነው፤ የሽንቱ ጋዝ ሳንባቸውን ይጎዳል። ገብተው ዓይንዎን ካቃጠለዎት በጎቹም እየተቃጠሉ ነው።

መኖው ከመሬት ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ገንዳ ይቅረብ፤ ለአንድ በግ 30 ሴንቲ ሜትር የገንዳ ርዝመት ይያዝ። ገንዳው ካጠረ ጉልበተኛው ሁለት እጥፍ በልቶ ይታመማል፤ ደካማው እንደ ገባ ይወጣል። መሬት ላይ የተበተነ ድርቆሽ ሩቡ ሽንትና ፋንድያ ነክቶት ይቀራል፤ በግ የተረገጠ መኖ ይጸየፋል።

ብቻውን የታሰረ በግ ሲጮኽ ይውላል፣ መብላቱም ይቀንሳል። በጎች እርስ በርስ በፊት ይተዋወቃሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ከእንግሊዙ ባብራሃም ኢንስቲትዩት የወጣ ጥናት በጎች የ50 ሌሎች በጎችን ፊት ለይተው ለሁለት ዓመት ያህል ማስታወስ እንደሚችሉ አሳይቷል። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ይግዙ፤ የሚጨመር ካለ በመጀመሪያው ሳምንት ይጨመር። በመካከል የሚገባ አዲስ በግ ግጭትም በሽታም ይዞ ይመጣል።

የመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት

የበግ ጨጓራ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው ገለባውን የሚፈጩለት። ሣርና ገለባ የለመዱት ተሕዋስያን እህል ሲመጣባቸው ይሞታሉ፤ አሲድ የሚሠሩት ይበዛሉ፤ ጨጓራው ይኮመጥጣል። አዲሶቹ ተደራጅተው እስኪበዙ ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል። ከዚህ ቀደም ብሎ እህል ወይም ፉርሽካ በብዛት መስጠት በጉን ማስከር ነው፤ ይንገዳገዳል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ፋንድያው ውሃ ይሆናል፣ አንዳንዴም በማግሥቱ ይሞታል።

ከመጀመሪያው ቀን እስከ ሦስተኛው ድረስ ድርቆሽና ንጹሕ ውሃ ብቻ። ከገበያ የመጣ በግ ደክሟል፣ ጠምቶታልም። ከ4ኛው እስከ 7ኛው ቀን ለአንድ በግ በቀን 100 ግራም ድብልቅ መኖ (አሠራሩ «መኖው» ከሚለው ሥር አለ)፤ ከ8ኛው እስከ 10ኛው 200 ግራም፤ ከ11ኛው እስከ 14ኛው 300 ግራም። ከ15ኛው ቀን ጀምሮ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ላለ በግ 400 ግራም፣ ጠዋትና ማታ ተከፍሎ። ሁልጊዜ ድርቆሹ ይቅደም፣ ድብልቁ ይከተል። ፋንድያው እንደ ልማዱ ጠጠር ጠጠር ሆኖ እስካለ ድረስ ወደ ሚቀጥለው ደረጃ ይለፉ፤ ከለሰለሰ ወደ ቀደመው ይመለሱና ሁለት ቀን ይጠብቁ። ይህን ማየት በቀን ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚዘለለው ግን ይኸው ነው።

የኮመጠጠበት በግ ካለ ድብልቁን ሙሉ በሙሉ ያቁሙና ድርቆሽ ብቻ ይስጡ። ከ20 እስከ 30 ግራም የምግብ ሶዳ በግማሽ ሊትር ውሃ በጥብጠው ያጠጡ፤ ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፣ እንዳይምታታ። ሲያጠጡ አንገቱን ወደ ላይ አያንጋጡ። ጭንቅላቱ ከጀርባው ጋር እኩል ሆኖ፣ ጠርሙሱ በአፉ ጎን ጥርስ በሌለበት ገብቶ፣ ቀስ እየተባለ ነው የሚጠጣው፤ ካልሆነ ሳንባው ውስጥ ይገባል። በሬውም በጉም በዚህ መንገድ ብዙ ይሞታል፣ ሰው ግን በሽታው ገደለው ይላል።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን የትል መድኃኒት ይሰጣል። አልቤንዳዞል በአንድ ኪሎ ክብደት 7.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ለ20 ኪሎ በግ የ300 ሚሊ ግራሙ እንክብል ግማሽ ማለት ነው። በጉ ከረግረግ ወይም ከወንዝ ዳር ከመጣ የጉበት ትል ስለሚጠረጠር ትሪክላቤንዳዞል፣ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም፣ ይሻላል፤ አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን የጉበት ትል ብቻ ነው። መጠኑን ቀንሶ መስጠት ትሉን አይገድልም፣ መድኃኒቱን ያለማምደዋል እንጂ። ለቆዳ ተባዮች አይቨርሜክቲን በቆዳ ሥር ይወጋል፣ ለ50 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር፤ ለ25 ኪሎ በግ ግማሽ ሚሊ ሊትር። አይቨርሜክቲን ከተወጋ በኋላ በትንሹ አንድ ወር ሳይሞላ በጉ አይታረድም፤ የመድኃኒቱ ጽሑፍ ከዚህ የረዘመ ቀን ካዘዘ እሱን ይከተሉ። ስለዚህ የሚወጋው መጀመሪያ ላይ ነው፣ በበዓሉ ዋዜማ አይደለም።

ክትባቱን ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይተዉ። የሚጠየቀው ለፓስቱሬላ (የሳንባ በሽታው)፣ ለበግና ፍየል ፈንጣጣ፣ ለደስታ መሰል በሽታ (ፒፒአር) እና በአካባቢው ካለ ለአባሰንጋ ነው። ክትባት መከላከል እስኪጀምር ሁለት ሦስት ሳምንት ስለሚፈልግ በጉ የታመመ ቀን ማስከተብ ገንዘብ መጣል ነው። አዲሶቹን በጎች ከቤት ካሉት ለሁለት ሳምንት ለይተው ያቆዩ።

መኖው

ቀላሉና በደጋው የሚገኘው ድብልቅ፣ ለ100 ኪሎ፦ ፉርሽካ 65 ኪሎ፣ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው) 32 ኪሎ፣ ለመኖ የተዘጋጀ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 2 ኪሎ፣ ጨው 1 ኪሎ። በቆሎ ወይም ገብስ በርካሽ ከተገኘ ተከክቶ 30 ኪሎ ይግባና ፉርሽካው ወደ 42፣ ፋጉሎው ወደ 25 ይውረድ፤ ኖራውና ጨው እንዳሉ ይቆያሉ። እህሉ ይከካ እንጂ አይፈጭ፤ ዱቄት ቶሎ ይኮመጥጣል፣ ያስላልም። የኑግ ፋጉሎ ከሌለ የተልባ ወይም የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ይተካዋል።

ኖራውን ብዙ ሰው ይዘላል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን በሁለተኛው ወር ነው። ፉርሽካ ፎስፈረሱ ብዙ ካልሲየሙ ጥቂት ስለሆነ በወንድ በግ የሽንት ቧንቧ ውስጥ ጠጠር ይሠራል። በጉ እግሩን ዘርግቶ ያምጣል፣ ላቱን ያወዛውዛል፣ ጠብ ጠብ ከማለት በቀር ሽንት አይወጣም። የወንድ በግ ቧንቧ ጠባብና ጠመዝማዛ ስለሆነ ጠጠሩ ይቀረቀራል፤ በልጅነቱ የተኮላሸ ደግሞ የባሰ ጠባብ ነው። የቤት መፍትሔ የለውም፤ ባለሙያ በዚያው ቀን ይጠራል። መከላከያው ኖራ፣ ጨውና በቂ ውሃ ነው።

ውሃ በቀን ከ2 እስከ 4 ሊትር፣ ቆላ ላይ ከዚያም በላይ። ደጋ ላይ ጠዋት በረዶ የመሰለ ውሃ ቢቀርብለት አፉን ነክሮ ይተወዋል፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ይስጡት።

ድርቆሽ ወይም ገለባ በቀን 500 ግራም ገደማ፣ እንደ መጠኑ ይጨመራል። አንድ በግ በቀን የክብደቱን 3 ከመቶ ተኩል ያህል ደረቅ መኖ ይበላል፤ 20 ኪሎ ሲሆን 700 ግራም፣ 28 ኪሎ ሲደርስ ወደ 1 ኪሎ። በጠቅላላው ለ90 ቀን ለአንድ በግ 33 ኪሎ ድብልቅና ከነብክነቱ 50 ኪሎ ድርቆሽ ይያዙ። በዓሉ ሲቃረብ መኖም ስለሚወደድ ከመጀመሪያው ይገዛል።

ያለው ገለባ ብቻ ከሆነ በዩሪያ ማከም ይቻላል። ለ100 ኪሎ ገለባ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ ይሟሟል። ገለባው በላስቲክ በተነጠፈ ጉድጓድ በሽፋን በሽፋን እየተነጠፈ፣ ውሃው እየተርከፈከፈበት፣ እየተረገጠ ይከመራል፤ አየር እንዳያስገባ ተከድኖ 21 ቀን ይቆያል። ሲወጣ ለአንድ ሌሊት ይናፈሳል፤ ካልተናፈሰ ሽታው አያስበላም። ያልሟሟ የዩሪያ ፍሬ በቀጥታ የበላ በግ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ በርሜሉን ክፍት ትተው አይሂዱ፣ ዩሪያ በድብልቅ መኖ ላይም አይነስንሱ።

አተላ ደህና ነገር ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ውሃ ነው። ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣ እርጥብ ተረፈ ገብስ አንድ ኪሎው ውስጥ ደረቁ ከ200 እስከ 250 ግራም ብቻ ነው፤ በሁለት ሦስት ቀንም ይበላሻል። የአረቄ አተላ ሞቅ እንዳለ አይሰጥም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። የሻገተ ፋጉሎ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት፣ ይጣላል፤ ለላም አስተላልፎ መስጠትም መርዙን ወደ ወተቱ መላክ ነው። ለዶሮ ወይም ለከብት የተዘጋጀ መኖና ማዕድን ለበግ አይስጡ፤ መዳብ አለበት፤ በግ መዳብን በጉበቱ እያጠራቀመ ሳያስታውቅ ቆይቶ በድንገት ይሞታል።

ማኮላሸት

ለደጋው የበዓል ገበያ ሙክት፣ ስቡ የወፈረ፣ ይወደዳል። ያልተኮላሸው ግን በፍጥነት ይጨምራል፤ ሥጋውም ቀይ ይበዛዋል። ወደ ዓረብ አገር ለሚላክ የሚፈለገው ያልተኮላሸ ወጣት ወንድ ነው። በ90 ቀን ለሚሠራ ሰው ዓመት ያልሞላውን ሳያኮላሹ ማሞከት ይሻላል፤ ሁለት ዓመት ያለፈው ኮርማ ግን እየተጋፋና ሴት እየፈለገ ይከሳልና በቡርዲዞ (ቆዳ ሳይቆርጥ የቆለጡን ገመድ በሚያደቅ ትልቅ ጉጠት) ይኮላሽ። ቡርዲዞው አንዱን ገመድ ከያዘ በኋላ ሌላውን ዝቅ ወይም ከፍ ብሎ ይያዝ፤ በአንድ መስመር ከተያዘ ከታች ያለው ቆዳ ደም ያጣል። በድንጋይ መቀጥቀጥ በጉን ያሠቃያል፣ ለሳምንታትም ከመኖ ያስቀራል። ማሞከቱ ከመጀመሩ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይፈጸም።

በመካከል የሚመጡ ችግሮች

በግራ ጎኑ ሆዱ እንደ ከበሮ የተወጠረ በግ እርጥብ አልፋልፋ ወይም የማገጥ ሣር በባዶ ሆድ በልቷል። ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት ያጠጡ፤ ያንቀሳቅሱት። ጤዛ ሳይደርቅ አያግጥ፣ ከመውጣቱም በፊት ድርቆሽ ይቅመስ።

ሳል፣ ትኩሳትና አፍንጫ መፍሰስ በብዛት የሚመጣው ከጉዞ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። የጤነኛ በግ ሙቀት ከ38.5 እስከ 39.5 ዲግሪ ግድም ነው፤ ከ40.5 ካለፈ ባለሙያ ይጥሩ።

ከመንጋው ትልቁና ሆዳሙ በግ ማታ ደህና ሆኖ ጠዋት ሞቶ ከተገኘ ብዙ ጊዜ ድብልቁ በድንገት ጨምሯል ማለት ነው፤ አንጀቱ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ በእህሉ ተነሥቶ መርዝ አመንጭቷል። ለቀሪዎቹ መኖውን በግማሽ ይቀንሱ። በአፍንጫው ወይም በመቀመጫው የማይረጋ ጥቁር ደም የፈሰሰው ከሆነ ግን ቢላ አያስነኩት፣ ቆዳውንም አይግፈፉ። አባሰንጋ ሊሆን ስለሚችል ለባለሙያ ይነገር፤ ሬሳው ይቃጠላል ወይም በጥልቅ ይቀበራል።

የታረደ በግ ጭንቅላትና ሳንባ ለውሻ አይጣል። ጭንቅላቱን አዘንብሎ የሚዞር በግ አንጎሉ ውስጥ ያለው ፊኛ የውሻ ኮሶ ትል እጭ ነው፤ ውሻው ጭንቅላቱን በልቶ ያገኘውን በፋንድያው ሣር ላይ ይመልሳል። ውሻውም የትል መድኃኒት ይፈልጋል።

መቼ ማቆም?

በየ15 ቀኑ ይለኩ። የአገራችን በግ በዚህ መኖ በቀን ከ70 እስከ 100 ግራም ይጨምራል፤ በ90 ቀን ከ6 እስከ 9 ኪሎ። ከዚያ በኋላ የሚጨምረው በአብዛኛው ስብ ነው፤ ስብ ለመሥራት ደግሞ ከሥጋ የበለጠ መኖ ይፈጃል። ሒሳቡ እንዲህ ነው፤ የአንድ ቀን የመኖ ወጪን በአንድ ኪሎ የቁም ዋጋ ያካፍሉ። ለምሳሌ ያህል የቀኑ መኖ 20 ብር፣ የኪሎው ዋጋ 300 ብር ቢሆን በጉ በቀን 67 ግራም ካልጨመረ የሚበላው ገንዘብዎን ነው። በሁለት ተከታታይ ልኬት ከዚያ በታች ከወረደ ቀኑ ባይደርስም ይሽጡት። አንዳንዱ በግ 60ኛው ቀን ላይ ይዘጋል፤ እልህ አይያዙ።

ለሽያጭ ከበዓሉ ሦስት አራት ቀን በፊት መውጣት ደህና ነው። የዋዜማው ዕለት ዋጋ ሊሰቀልም ሊወድቅም ይችላል፤ ዝናብ ከዘነበ ወይም ከየአቅጣጫው መኪና ከገባ የመጨረሻው ሰዓት ሻጭ የሚመለስበትን የመኪና ኪራይ እያሰበ ይሸጣል። በመንደር ለሚያውቁት ቤተሰብ አስቀድሞ ማስያዝ ከሁሉ ይሻላል።

በተጫነ ዕለት ጠዋት ድርቆሽና ውሃ ብቻ ይስጡ። አራት እግሩ ታስሮ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ የተጣለ በግ ሲደርስ ዳሌው ቀልቷል፤ የመታው ሥጋ ሲታረድ ይታያል፣ ገዢውም ሁለተኛ ከእርስዎ አይገዛም። የአንድ ቀን ጉዞ ብቻውን ሁለት ኪሎ ሊያጎድል ስለሚችል ሩቅ ገበያ ከመሄድዎ በፊት ያንን ከዋጋው ልዩነት ላይ ይቀንሱ።

ቆዳው

29 ኪሎ የሆነ በግ ከ12 እስከ 14 ኪሎ ሥጋ ከነአጥንቱ ይሰጣል። ቆዳው ግን በበዓል ቀን ብዙ ጊዜ ይጣላል ወይም ይበላሻል። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ ቀጭን ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ ለጓንት በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። ጠላቱ ሁለት ነው። አንዱ እከክ ነው፤ በበግ ቅማልና ጸጉር ውስጥ በሚሳበው የበግ ዝንብ ይመጣል፣ በቁም ብዙም አይታይም፣ ፋብሪካ ገብቶ ጸጉሩ ሲነሣ ግን ቆዳው ጠጠር ጠጠር ሆኖ ይወጣል፤ በመጀመሪያው ሳምንት የተወጋው አይቨርሜክቲን ይህንንም ይጠቅማል። ሌላው ቢላ ነው። ሆዱ ከተሰነጠቀና እግሩ ከተከፈተ በኋላ ቢላውን አስቀምጠው በቡጢ ይግፈፉ። በአምስት ስድስት ሰዓት ውስጥ የሚረከብ ከሌለ በሥጋው በኩል ዘርግተው 1 ኪሎ ገደማ ጨው ዳር እስከ ዳር ያዳርሱበት፤ ፀሐይ ላይ አይሰጣ፣ በጥላ ይቀመጥ።